የአስቴር ጾምና የዘይነባ ቀጠሮ

ጌታ ይባረክ! ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ነው የቆምኩት። እዚህ መድረክ ላይ መውጣቴ ራሱ አንድ ምስክርነት ነው፤ ሁለት ወንድሞች ክንዴን ይዘው ሲጎትቱኝ አይታችኋል። እስቲ ትንፋሼ እስኪመለስ ሃሌ ሉያ በሉልኝ። ሃሌ ሉያ! ድገሙልኝ፣ ገና አልተመለሰም። ሃሌ ሉያ! ተባረኩ።

መቼም በሮቢት ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። ግማሾቻችሁ “ወርቅነሽ ከኩላሊት በሽታ ተፈወሰች” ብላችሁ ሰምታችኋል። ቅድም በር ላይ አንዷ እህት አቅፋኝ አልቅሳልኛለች፤ ሳስቆማት አልቻልኩም። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ያልሆነውን ሆነ ብዬ ብመሰክር ጌታ አይከብርበትም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ታገሱኝ።

እኔ ቀናተኛ ሰው ነኝ። አትሳቁ! ቀወት ገጠር ውስጥ ልጅ ሆኜ የታናሽ እህቴ ጸጉር ከኔ በለጠ ብዬ ተኝታ ሳለች በመቀስ የከረከምኩ ሰው ነኝ። እናቴ “ይቺ ልጅ በሰው ወጥ ጨው ትቀናለች” ትል ነበር። ጌታን ስቀበል ሰካራሙ ስካሩን ጣለ፣ ሐሜተኛው ሐሜቱን ጣለ፣ እኔ ቅናቴን ይዤው ገባሁ። ማንም አላየብኝም፤ ቅናት እንደ አረቄ አይሸትማ! እዚሁ መሐላችሁ ተቀምጬ፣ መዝሙር እየዘመርኩ፣ የፊተኛዋ እህት ነጠላ ከኔ ነጠላ ስለመንጣቱ ስብሰለሰል ኖሬያለሁ። ለዚህም ጌታ ታግሶኛል፣ ስሙ ይባረክ!

ሽንኩርት እንደምሸጥ ታውቃላችሁ። ከኔ ቀጥሎ ያለችው ዘይነባ ናት፤ ማሾና ሰሊጥ ትሸጣለች። የአሊዩ አምባ ልጅ ናት፣ ተድራ ነው ወደዚህ የመጣችው። ጎን ለጎን ተቀምጠን ልጆቻችን አድገዋል። እሷም እንደኔ ወፍራም ናት። በርጩማ ስለማይችለን ሁለታችንም ብየዳ ቤት አስበይደን ያሠራነው የብረት ወንበር ላይ ነው የምንቀመጠው። ጫኝ አውራጆቹ “ሁለቱ ተራሮች” ይሉናል።

እኩል ወፍራም ሆነን ታዲያ፣ እሷ ትወደዳለች እኔ እፈራለሁ! ደንበኛ ሽንኩርቱን ከኔ ይገዛና ወሬውን እሷ ጋ ቆሞ ያወራል። የሷ ምራት በመጣች ቁጥር ጉልበቷን ስማ ነው የምታልፈው፤ የኔዋ ስልክ አታነሳልኝም። ሙቀቱ ሲበረታ እኔ ላቤን እየጠረግሁ ከሰው ስጣላ እሷ “አልሐምዱሊላህ፣ ነገ ይነፍሳል” ብላ ትስቃለች። ይቺን ሳቋን ነበር የማልወደው። ወገኖቼ፣ በሳቅ ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

የቀዶ ጥገናውንም ወሬ ያመጣችው እሷ ናት። ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ፣ ስኳሬ ከፍ ብሎ፣ ተኝቼ ትንፋሼ ቁርጥ እያለ ባለቤቴ ጌታቸው እየቀሰቀሰኝ በነበረበት ጊዜ ነው።

“ወርቄ” አለችኝ፣ “አዲስ አበባ ጨጓራን ቆርጠው ያሳንሱታል አሉ። ከዚያ በኋላ ትንሽ ስትበዪ ትጠግቢያለሽ፣ ውፍረቱ ይወርዳል፣ ስኳሩም ይቀንሳል። እንሂድ እባክሽ።”

እውነቱን ልናገር? ጉልበቴን አስቤ እሺ ያልኩ እንዳይመስላችሁ። ዘይነባ ቀጥና፣ ቀበቶ አስራ፣ ገበያ መሐል ሽር ስትል፣ እኔ የብረት ወንበሬ ላይ ተጎልቼ ስቀር ታየኝ። ወዲያው “እሄዳለሁ” አልኳት። ገንዘቡ እንዴት እንደተገኘ አልናገርም፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ምስክርነት ነው።

ሄድን። ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ ሁለታችንን ሦስት ሰው በሚቀመጥበት ቦታ ላይ አስቀምጦ “እናቶቼ፣ የሦስተኛውንም ሰው ሒሳብ እናንተው ትችላላችሁ” አለን። እኔ ልሰድበው አፌን ስከፍት ዘይነባ “ልክ ነህ ልጄ፣ ሦስተኛው ሆዳችን ነው” ብላ መኪናውን ሙሉ አሳቀችው። ደብረ ሲና ደርሰን ብርዱ ሲቀበለን እንኳ የኔ ሆድ እንደተቃጠለ ነበር።

የሐኪም ቤቷ ዶክተር ወጣት ሴት ናት። ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። ከቀዶ ጥገናው በፊት ልብ ይታያል፣ ጨጓራ በካሜራ ይታያል፣ ጉበትና ኩላሊት በደም ይመረመራል፣ ትንሽም ኪሎ መቀነስ አለባችሁ አለች። ለምርመራው ለሁለታችንም አንድ ቀን ቀጠረችን። ያ ቀን ሲደርስ ግን አጣዬ ለቅሶ ገጠመኝና እኔ ቀረሁ፣ ዘይነባ ሄደች፤ ለኔ ሌላ ቀን ተቀጠረልኝ።

ስትመለስ ዕቃዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ቀጥታ እኔ ጋ መጣች። “ወርቄ! ልቤም ደህና፣ ጉበቴም ደህና፣ ኩላሊቴም ደህና! ዶክተሯ ‘የወጣት ኩላሊት ነው ያለዎት’ አለችኝ፣ ወላሂ!” ደግሞ ጣቷን ዘርግታ ቀለበቷን አዟዟረችው፤ ላልቶላት! ኪሎ ቀንሳለች!

“እንኳን ደስ ያለሽ” አልኳት። ሆድ እያረረ ጥርስ ይስቃል የተባለው ለኔ ነው። ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ ወደ ጌታ ጮኽኩ። “ጌታ ሆይ፣ እኔ ያንተ ልጅ አይደለሁም? እሁድ ቀርቼ አውቃለሁ? አሥራት አጉድዬ አውቃለሁ? እሷ ስምህን በትክክል እንኳ ሳትጠራ የወጣት ኩላሊት ሰጠሃት። ለኔ ከሷ የበለጠ ካልሰጠኸኝ የት ነው ልጅነቴ?” አልኩት። እንዲህ ነው የጸለይኩት፣ ቃል በቃል። ጸሎት ይባላል? ክስ ነው እንጂ!

ከዚያ በልቤ “የአስቴርን ጾም ጹሚ” የሚል መጣልኝ። ከጌታ ነው አልኩ። ታውቁታላችሁ፣ ንግሥት አስቴር ሦስት ቀን ሳትበላ ሳትጠጣ ጾማ ሕዝቧን አዳነች። እኔም ሦስት ቀን ሳልበላ ሳልጠጣ ጾሜ ውጤቴ ከዘይነባ ውጤት የበለጠ ይጸዳል ብዬ ወሰንኩ። የሐኪም ቤቱም ወረቀት “በባዶ ሆድ ይምጡ” ይላል። አያችሁ! ጌታም ሐኪሙም አንድ ቃል ተናገሩ ብዬ እልል አልኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። እትዬ አበባ፣ የጸሎት ሕብረታችን መሪ፣ እርስዎም አላወቁም። ጌታችን “ስትጾሙ በሰው ፊት አትታዩ፣ ፊታችሁን ታጠቡ፣ ራሳችሁን ተቀቡ” ብሏላ! እኔም ፊቴን ታጥቤ፣ ቫዝሊን ተቀብቼ፣ ሽንኩርቴን እየሸጥኩ ዋልኩ። በዚህ በቆላ! በዚህ ምድጃ ውስጥ ያለን በሚያስመስል ሙቀት! ሁለተኛው ቀን ላይ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። ዘይነባ ሀብሀብ ቆርጣ ስትሰጠኝ “ጠግቤያለሁ” አልኳት። ጭማቂው በአገጯ ሲወርድ እያየሁ፣ ያ ሀብሀብ ራሱ ጠላቴ ሆነ።

ባለቤቴ ጌታቸው ግን አንድ ቤት ነን፣ አየኝ። እሱ እስካሁን ኦርቶዶክስ ነው፤ የእናት የአባቱን ጾም የሚጾም፣ ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው ነው። “ምን ዓይነት ጾም ነው ማታም ውሃ የማይቀመስበት?” አለኝ። መልስ ስነፍገው “ላያዛልቅ ጸሎት ለቅስፈት!” ብሎኝ ወጣ። እኔም የጠላት ድምፅ ነው ብዬ ገሠጽኩት። ጌታቸውን ማለቴ ነው፣ ከጀርባው።

በሦስተኛው ቀን እየዞረብኝ አዲስ አበባ ገባሁ። ደሜን ሰጠሁ፣ ልቤም ታየ፣ ሁሉም ሆነ። ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሯ ወረቀቱን አንዴ አየችው፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ ደግማ ወረቀቱን አየችው። ሐኪም ሁለቴ ሲያይ ሆድ ይገባዋል፣ ወገኖቼ።

“ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ ኩላሊትዎ ላይ የማልወደው ነገር አለ። ቆሻሻውን በደንብ እያጣራ አይደለም። ተቅማጥ ነበረብዎት? ትውከት? የሕመም ማስታገሻ ያዘወትራሉ? ውሃ በደንብ ይጠጣሉ?”

“ደህና ነኝ። ውሃም እንደማንኛውም ሰው እጠጣለሁ” አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ በሌላው ጊዜ እጠጣለሁ። ጾሜን ደግሞ በስውር የሚያይ አባቴ ብቻ ነው የሚያውቀው ብዬ ዝም አልኩ።

“እንግዲያው ቀዶ ጥገናውን ማቆም አለብኝ” አለች። “በሁለት ሳምንት እንድገመውና ያው ከሆነ የኩላሊት ሐኪም ያይዎታል። ለማንኛውም ራስዎን ያዘጋጁ።”

ራስዎን ያዘጋጁ! ታላቅ ወንድሜ የሞተው በኩላሊት ነው። አዲስ አበባ እየተመላለሰ ደሙን በማሽን እያስታጠበ፣ ያ ግዙፍ ሰው እጁ እንደ እንጨት ደርቆ ነው የቀበርነው። ሚኒባሱ ወደ ቆላ ሲወርድ እሱ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ተቀብሬ፣ ሰው ንፍሮ ሲዘግንልኝ ሁሉ ታየኝ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ በለቅሶዬ ላይ ዘይነባ ቀጥና፣ በቀበቶ፣ ለቅሶ ስትደርስ ታየኝ! ሞቴ ላይ እንኳ ቀናሁባት።

ማግሥቱን “ውጤትሽ እንዴት ሆነ?” ብላ መጣች። “ደህና ነው” ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገርኳትም። ማሾ የሚገዛ ሰው የት እንደሚሸጥ ቢጠይቀኝ “አላውቅም” እላለሁ፣ አጠገቤ ተቀምጣ! እሷ ግን ጠዋት ጠዋት “እንዴት አደርሽ?” ማለቷን አልተወችም። ብትተወው ይሻለኝ ነበር።

ዶክተሯ የሰጠችኝ ሁለት ሳምንት ሊያልቅ ሲል ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ጾሙን ደገምኩት! በመጀመሪያው እምነቴ ስላነሰ ነው፣ ሀብሀቡን ተመኝቼ ስለነበር ነው ብዬ፣ አሁንስ ፍጹም አደርገዋለሁ አልኩ። ሐኪም ቤት የምመለስበት ቀን ሦስት ቀን ሲቀረው አፌን ዘጋሁ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋዬ ላይ ተዘርግቼ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። ጌታቸው ነው፤ ከኋላው ዘይነባ፣ በሩን ሞልታ፣ እያለከለከች። ለካ ሱቋን አዘግቶ ይዟት መጥቷል።

“ንገሪያት” አለ ጌታቸው። “አሁንም ጀምራለች። ባለፈውም ሦስት ቀን ውሃ ሳትቀምስ ነው የተመረመረችው።”

ዘይነባ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። “ሱብሃነላህ! ሦስት ቀን? ማታስ?”

“ማታም” አለ።

“ወርቄ፣ አብደሻል? እኛ በረመዳን እንኳ ማታ እናፈጥራለን፣ ሊነጋጋ ሲልም በልተን ጠጥተን ነው የምንይዘው። የታመመ ሰውማ ይፈቀድለታል። ለዶክተሯ ነግረሻታል?”

“ጾም በስውር ነው” አልኳት።

“ከሐኪም ነው የሚሰወረው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም?”

ያን ጊዜ ፈነዳሁ። “አንቺ ምን አለብሽ!” አልኳት። “አንቺ የወጣት ኩላሊት አለሽ! ሁሉም ይወድሻል፣ ምራትሽ ትስምሻለች፣ ቀለበትሽ ይላላል! እኔ ልሞት ነው፣ አንቺ ቀበቶ ልታስሪ ነው! ውጪልኝ!” ጌታቸው በሐፍረት አንገቱን ደፋ።

ዘይነባ ግን አልወጣችም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ አልጋው ሁለታችንን ይዞ ሲጮህ ሊሰበር ነው ብዬ ፈራሁ። “እሞታለሁ ካልሽ መጀመሪያ ለዶክተሯ እንንገራትና ከዚያ ትሞቻለሽ፣ አልከለክልሽም” አለች። ስልኳን አወጣችና ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ አፌ ላይ አስጠጋችው።

ምን አማራጭ አለኝ? ነገርኳት። አስቴርንም፣ ቫዝሊኑንም፣ ሁሉን። ዶክተሯ እስከ መጨረሻው አስጨረሰችኝ። ከዚያ “ለምን ያን ቀን አልነገሩኝም?” አለች።

“ጾም በሰው ፊት አይገለጥም ብዬ ነው፣ ዶክተር።”

“እናቴ፣ ልብስዎን አውልቀው ሆድዎን ሲያሳዩኝ አላፈሩም፣ ጾምዎን ደበቁኝ? ስኳር ያለብዎት ሰው፣ በዚያ ሙቀት፣ ሦስት ቀን ያለ ውሃ! ኩላሊትዎ ውሃ ሲያጣ ይጨነቃል፣ ውጤቱም ይበላሻል። ያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል፣ ሳልመረምር አላጽናናዎትም። አሁኑኑ ውሃ ይጠጡ። ቀጠሮውን ከዛሬ አሥር ቀን በኋላ አድርጌዋለሁ። ይህን ጾም ቢደግሙት ግን ጤነኛውንም ኩላሊት ይጥሉታል፣ ይስሙኝ።”

ስልኩ ሲዘጋ ዘይነባ ብርጭቆ ይዛ ፊቴ ቆማ ነበር። ወገኖቼ፣ ከጠላሁት እጅ ውሃ ጠጣሁ። እንዴት ይጣፍጣል! እሱንም በንዴት ነው የጠጣሁት፣ አልዋሻችሁም። “ተባረኪ” እንኳ አላልኳትም።

እትዬ አበባን ማታውኑ ደውዬ ነገርኳቸው። የሆነውን ሲሰሙ ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ፣ እትዬ? “ማን እንዲህ ጹሚ አለሽ? ሕብረቱ የሚጾመው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ የታመመ ደግሞ ጠጥቶ ይጸልይ ብዬ ስንቴ ተናገርኩ? ከማን ጋር ልትወዳደሪ ነው?” አሉኝ። ከማን ጋር እንደምወዳደር ልነግራቸው አልደፈርኩም።

እነዚያን አሥር ቀናት ኖርኩ አይባልም። ውሃ እጠጣለሁ፣ እንደታዘዝኩት እበላለሁ፣ ግን ‘ላይሆንም ይችላል’ የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ተቀምጧል። ወንድሜም መጀመሪያ ‘ትንሽ ድካም ነው’ ተብሎ ነበር። ዘይነባ ከወንበሯ ሆና በየሰዓቱ “ጠጣሽ?” ትለኛለች። “ጠጣሁ!” እላታለሁ፣ እየተቆጣሁ። ግን ትጠይቀኝ እንደሆነ በጎን አያታለሁ፤ ከዘገየች እቆጣለሁ።

የምርመራው ቀን “አብሬሽ ልሂድ” አለች። “አንቺ ጨርሰሻል፣ ምን ትሠሪያለሽ?” ብላት “ረዳቱ ብቻሽን ካገኘሽ ይሰድብሻል” ብላ ተነሳች። ጠዋት ደሜን ሰጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለን ውጤት ስንጠብቅ ዶክተሯ በዚያ ስታልፍ ዘይነባን አየቻትና ቆመች።

“ወይዘሮ ዘይነባ! ምን ሆነው ነው የቀሩት? የቀዶ ጥገና ቀንዎ እኮ አለፈ። አልጋ ተዘጋጅቶልዎት ነበር፤ ስንደውል ‘አልመጣም’ አሉን። አሁን ቦታዎን ሌላ ሰው ወስዶታል፣ ከኋላ ነው የሚሰለፉት።”

ዘይነባ እንደ ልጅ መሬት መሬት አየች። “እሷ እስኪለይላት ብዬ ነው ዶክተር። ብቻዋን ትቻት እንዴት እገባለሁ? ትደነግጣለች።”

ወገኖቼ! እኔ ጀርባዬን ስሰጣት፣ ‘አላውቅም’ እያልኩ ደንበኛዋን ስመልስባት፣ እሷ ቀጠሮዋን ለኔ ብላ አሳልፋለች። የጠበቀችው ሁሉ፣ ጉልበቷ፣ ትንፋሿ፣ ቀለበቷ! ዶክተሯ ሄደች። ያን ጊዜ እኔ ምን የተሰማኝ ይመስላችኋል? ምስጋና? ጸጸት? አይደለም። ቀናሁባት! በደግነቷ ቀናሁ! ‘ይህንንም ወሰደችብኝ፣ አማኟ እኔ፣ እንዲህ ያለ ልብ ያላት እሷ!’ ብዬ አንጀቴ አረረ። ከዚህ በታች የሚወረድበት እንደሌለ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰው በቀሚስ ይቀናል፣ በገንዘብ ይቀናል፤ ሲወዱት የሚቀና ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?

እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ያ ሁሉ በሽተኛ እያየኝ፣ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። “ጌታ ሆይ፣ ከሷ ኩላሊት የተሻለ ስጠኝ ብዬ ለመንኩህ። ተወው፣ ኩላሊቴን እንደፈቀድክ አድርገው። ይህን ልብ ግን አልችለውም፣ አንተው ያዝልኝ” አልኩ። ዘይነባ ደንግጣ “አመመሽ እንዴ? ነርስ ልጥራ?” ትላለች። “አዎ አሞኛል፤ ቀንቼብሽ ነው” አልኳት። “ሀብሀብ ስትበዪም፣ ስትስቂም፣ ምራትሽ ስትስምሽም። አሁንም ቀንቼ ነው የማለቅሰው።”

አየችኝ። ከዚያ ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? “እኔማ በድምፅሽ እቀናለሁ” አለችኝ። “እሁድ እሁድ በቤታችን በኩል ስታልፊ የምትዘምሪው ይሰማኛል። እኔ ድምፄ እንደ አህያ ነው።” ሁለታችንም ሳቅን፣ ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅን። ክብር ለጌታ ይሁን! አልጋ ላይ ከጣለኝ ጾም በኋላ መጀመሪያ የበላሁት እህል ያ ሳቅ ነው እላችኋለሁ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ዶክተሯ ጠራችኝ። ዘይነባም ተከትላኝ ገባች፣ ማንም ግቢ ሳይላት። ወረቀቱን አንድ ጊዜ ብቻ አየችው። “ኩላሊትዎ ደህና ነው” አለች። “የውሃ እጦት ነበር። ስኳርዎና ግፊትዎ ግን ትንሽ ከፍ ብሏል፣ የደም ግፊት መድኃኒትም እንጀምራለን። እሱ ሲስተካከል ቀን እሰጥዎታለሁ።” ሃሌ ሉያ! እልልታዬን ሰምቶ ዘበኛው ሮጦ መጣ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ኩላሊቴ ድሮም አልታመመም፤ እኔው ነኝ ያደረቅሁት። ‘ተፈወሰች’ ብላችሁ የነገራችኋቸውን ሰዎች አስተካክሉልኝ። ስኳር ያለባችሁ፣ ግፊት ያለባችሁ፣ እባካችሁ እንደኔ አትሁኑ። ጹሙ፣ ጸልዩ፣ ለሐኪማችሁ ግን ንገሩ፣ ውሃ ጠጡ። ጌታ በውሃ ብርጭቆ አይቀየምም። ምን ያስተማረኝ መሰላችሁ? እኔ መልሱ በራእይ ይመጣል ብዬ ጣራ ጣራ ሳይ፣ እሱ በዘይነባ እጅ ላከልኝ። የሚወደኝ አባት ባይሆን፣ ስሰድባት የምትቆይ ሰው አጠገቤ ያስቀምጥ ነበር? ውጤት የምትጠብቁ፣ ሐኪም ‘ራሳችሁን አዘጋጁ’ ያላችሁ ካላችሁ፣ እመኑት። የፈራችሁትን ደብቃችሁ ሳይሆን ገልጣችሁ እመኑት፤ አይጥላችሁም።

ዛሬ እንደምታዩኝ ያው ነኝ፣ አንዲት ኪሎ ካልሆነች አልቀነስኩም። ቅናትሽስ ጠፍቶልሻል ወይ ብትሉኝ፣ አልጠፋም። ዛሬም ጠዋት ተነስቶብኛል። ግን ሲነሳ አሁን ስሙን አውቀዋለሁ፣ ለጌታም ወዲያው እነግረዋለሁ፣ ለዘይነባም እነግራታለሁ። እሷ ትስቃለች፣ እሱ ይታገሰኛል። ስሙ ይባረክ!

ቀዶ ጥገናው የፊታችን ማክሰኞ ነው። ሁለታችንም በአንድ ቀን፣ አንዳችን ከሌላችን ቀጥለን እንገባለን። ዶክተሯ “ማን ይቅደም?” ስትል እኔ አፌን ከፍቼ “እኔ” ልል ነበር፤ ጌታ ያውቃል፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። “ዘይነባ” አልኩ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ማክሰኞ ስትጸልዩልን የሷን ስም አስቀድማችሁ ጥሩ። ዘይነባ በሉ፣ ከዚያ ወርቅነሽ በሉ። አሁን ተነሱና እንጸልይ፤ ጮክ ብላችሁ ጥሯት፣ ሁለተኛ መሆኔን ጆሮዬ ይስማ።